የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሕዝብ ዕድሜና የዓለም ታሪክ

በዚህ ወር ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከለገሃር፣ ከፒያሳ፣ ከሜክሲኮና ከስድስት ኪሎ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ የሕዝብ ቁጥር መለዋወጥ ታሪክን እንዴት ይቀርጻል? ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ የጠያቂዎችን ስም ትተን አቅርበናል። «ዓ.ም.» ያልንባቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ጥ፦ የታሪክ መምህራችን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መነሻ የመንግሥታቱ ጥምረትና የሳራዬቮው ግድያ ነው ብለው አስተምረውናል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ግን «ዋናው ምክንያት የሕዝብ ብዛት ነው» ብሎ ይከራከረኛል። ለፈተና የትኛውን ልያዝ? *የ12ኛ ክፍል ተማሪ እኅታችሁ፣ ከአራት ኪሎ*

መ፦ መምህርሽ ያስተማሩሽን ያዢ። ኦስትሪያና ሰርቢያን ያዋጋቸው የሕዝብ ብዛት አይደለም። «ጥምረቶቹ ለምን ተፈጠሩ?» ተብለሽ ብትጠየቂ ግን የጓደኛሽ ክርክር የሚጠቅምሽ እዚያ ላይ ነው።

ጀርመን በ1871 ስትዋሐድ 41 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ፈረንሳይ ደግሞ 36 ሚሊዮን። በ1914 ጀርመን ወደ 67 ሚሊዮን ስትጠጋ ፈረንሳይ 40 ሚሊዮን እንኳ በቅጡ አልሞላችም። የፈረንሳይ ቤተሰቦች ከሌላው አውሮፓ በብዙ አሥርት ዓመታት ቀድመው፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምረው ልጅ ቀንሰዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በጠቅላላው ቁጥር ሳይሆን በአራሶቹ ነው። በ1911 በፈረንሳይ 740 ሺህ ገደማ፣ በጀርመን 1.87 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ተወለዱ። ሠራዊት የሚመለመለው ደግሞ 20 ዓመት ከሞላቸው ወንዶች ነው። የፈረንሳይ ጦር አዛዦች እንቅልፍ ያጡት በዚህ ስሌት ነበር።

ምን አደረጉ? ከሩሲያ ጋር ተዋዋሉ። በ1897 ቆጠራ 125 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ሩሲያ የጎደላቸውን ወታደር ከጀርመን በስተ ምሥራቅ ታቆምላቸው ነበር፤ ውሉ በ1894 ጸደቀ። ከምዕራብ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ወታደር መለመሉ። በ1913 ደግሞ የግዳጅ ውትድርናውን ከሁለት ወደ ሦስት ዓመት አራዘሙ። ቁጥሩ ያነሰ ትውልድ ረዘም ላለ ጊዜ በጦር ሰፈር ቢቆይ በአንድ ጊዜ የሚሰለፈው ወታደር ይበዛል። ጀርመኖች በበኩላቸው ሩሲያ በየዓመቱ እየበዛችና የባቡር መሥመሯን እየዘረጋች መሄዷ አስፈራቸው፤ «ጦርነቱ ካልቀረ አሁኑኑ ይሁን» የሚሉ መኮንኖች በርሊን ውስጥ ድምፃቸው ከፍ አለ።

አሁን ሒሳቡን ወደፊት ግፊው። ጦርነቱ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የፈረንሳይ ወታደር ገደለ፤ ባሎች ግንባር ስለነበሩ ከ1915 እስከ 1919 የሚወለደው ሕፃን እጅግ አሽቆለቆለ። 1915 ላይ 20 ደምሪ፦ 1935። ከ1935 እስከ 1939፣ ሂትለር ሠራዊቱን በሚያደራጅባቸው ዓመታት፣ ፈረንሳይ ለምልመላ የምትጠራው ወጣት አጣች። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር በጥቂት ሰው የሚጠበቀውን የማዢኖ ምሽግ ሠርታለች፤ በ1935ም ውትድርናውን ከአንድ ወደ ሁለት ዓመት መልሳ አራዝማለች።

በፈተና ላይ «የሕዝብ ለውጥ ጦርነቱን አመጣው» ብለሽ አትጻፊ። «የፈረንሳይን አማራጭ አጠበበው፣ የጀርመንን ችኮላ አባባሰው» ብለሽ ጻፊና ቁጥሮቹን አስከትዪ።

ጥ፦ እናቴ ዘጠኝ ወልዳለች፤ እኔ ሁለት። ልጄ 31 ሞልቷት ገና አላገባችም። በሦስት ትውልድ ይህን ያህል ለውጥ እንዴት ሊመጣ ቻለ? ደግሞስ የሚወለደው ካነሰ የታክሲ ሰልፉ ለምን አይቀንስም? *የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ከካዛንቺስ*

መ፦ የቤተሰብዎ ታሪክ የአዲስ አበባ ታሪክ ነው፤ ከተማዋም በዚህ ረገድ ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ መካከል ናት። አንዲት ሴት በዘመኑ የወሊድ ልማድ ዕድሜዋን ብትዘልቅ በአማካይ ስንት ልጅ ትወልዳለች የሚለው መለኪያ በአዲስ አበባ በ1990 ወደ 3 ገደማ ነበር። በ2000 ወደ 1.9፣ በ2005 ወደ 1.4 ወረደ፤ በ2016 ዳሰሳ 1.8 ሆኗል። በዚያው በ2016 የሀገሪቱ አማካይ 4.6፣ የሶማሌ ክልል 7.2 ነበር። በአንድ ሀገር ውስጥ ይህን ያህል ርቀት ያላቸው ሁለት የሥነ ሕዝብ ዘመናት ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው።

ትውልዱ ራሱን እንዲተካ የሚያስፈልገው 2.1 ነው። ለምን 2 ብቻ አይበቃም? ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ያህል ወንዶች ስለሚወለዱና ከሴቶቹም ለመውለድ ሳይደርሱ የሚሞቱ ስላሉ። የሕፃናት ሞት በሚበዛበት ሀገር ከ2.1ም በላይ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ትልቁን ድርሻ የያዘው እንደ ልጅዎ ያሉ ሴቶች ትዳር መዘግየቱ ነው። ትምህርት፣ ሥራ ፍለጋ፣ የቤት ኪራይና የቤት እጦት ጋብቻውን ወደኋላ ገፉት፤ የእርግዝና መከላከያው ደግሞ ካገቡ በኋላ ያለውን ወሊድ አራራቀው። ሕጉም ተከትሏል፤ በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጓል።

ፍጥነቱ እኛ ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም። ጃፓን በ1947 ከነበረችበት 4.5 ወደ 2 ለመውረድ የፈጀባት አሥር ዓመት ነው። ኢራን ከ6 በላይ ከሆነው ወደ 2 የወረደችው ከ20 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ነው፤ ያውም በገጠር ጤና ኬላዎችና በሴት ልጆች ትምህርት። የቻይናን የአንድ ልጅ ሕግ ብዙዎች እንደ ምሳሌ ያነሣሉ፤ ነገር ግን የቻይና የወሊድ መጠን ከ6 ገደማ ተነሥቶ ከ3 በታች የወረደው በ1970ዎቹ፣ ማለትም ከሕጉ በፊት ነው። አስገድዶ ማስወለድም አይሳካም። የሮማኒያ መንግሥት በ1966 ጽንስ ማቋረጥን ሲከለክል በቀጣዩ ዓመት የተወለዱት ሕፃናት በእጥፍ ገደማ ጨመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወሊዱ እንደገና አሽቆለቆለ፣ በድብቅ ጽንስ ማቋረጥ የሚሞቱ እናቶችም በዙ። በ1967 የተወለዱት ሕፃናት በ1989 አብዮት ጊዜ 22 ዓመታቸው ነበር።

ስለ ታክሲው ሰልፍ፦ የከተማዋ ሕዝብ በግንቦት 1976 ዓ.ም. 1,412,575፣ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. 2,112,737፣ በግንቦት 1999 ዓ.ም. 2,739,551 ነበር። በ1999 ዓ.ም. ግማሽ የሚጠጋው ነዋሪ ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ ነው። የሚመጣውም በአብዛኛው ሠርቶ የሚያድር ወጣት በመሆኑ ጠዋት ጠዋት ታክሲ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሕፃናት ቢያንሱ የመጀመሪያ ክፍል ወንበር ይተርፍ ይሆናል እንጂ የታክሲው ወረፋ ለ20 ዓመት አያጥርም።

ጥ፦ የዓለም ሕዝብ እንዲሁ እየጨመረ ይኖራል ማለት ነው? *ከለገሃር*

መ፦ አይደለም። ዕድገቱ ጣሪያ የነካው በ1960ዎቹ ሲሆን በዓመት ከመቶ 2 ትንሽ አልፎ ነበር፤ ዛሬ ከመቶ 1 በታች ነው። በኅዳር 2022 8 ቢሊዮን ደርሰናል። የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ትንበያ በ2080ዎቹ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ መቀነስ ይጀምራል ይላል።

ጥ፦ ገበያ ለነጋዴ ሰው ነው፤ ብዙ ሰው ካለ ብዙ ይሸጣል። ታዲያ ምሁራኑ የሕዝብ ብዛትን ሸክም ነው የሚሉት ለምንድን ነው? *ነጋዴ፣ ከፒያሳ*

መ፦ ወደ ሱቅዎ የሚገባው ሰው ቁጥር ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ቁጥር ነው የሚሸጥልዎ። ሥነ ሕዝብ ይህን በጥገኝነት ምጣኔ ይለካዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከ15 ዓመት በታች ያሉትንና 65 ዓመት የሞላቸውን ይደምሩ፤ ከ15 እስከ 64 ባሉት ያካፍሉ፤ በ100 ያባዙ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶው ሕዝባችን 45 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች፣ 3 ያህሉ ከ65 በላይ ነበሩ። ውጤቱ 92 ገደማ ይሆናል፤ 100 ሠራተኛ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው 92 ጥገኛ ይመግባል ማለት ነው።

ደቡብ ኮሪያ በ1960 ከዚህ ብዙም የተሻለች አልነበረችም፤ አንዲት ሴት በአማካይ 6 ትወልድ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 2 ወረደች። በ2010ዎቹ ከመቶው ሕዝብ 73 ያህሉ ሠራተኛ ዕድሜ ላይ ደረሰ፤ ምጣኔው 37 ገደማ ሆነ። በዚያ መሐል ባሉት ዓመታት ለጥገኛ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ቁጠባ፣ ፋብሪካና ትምህርት ቤት ሆነ። ዕድሉ የሚመጣው አንዴ ነው፤ ኮሪያ በ2023 ወደ 0.72 ወርዳ ዛሬ የሽማግሌ ጡረታ ያሳስባታል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ልጅ መቀነሱ ብቻውን አያበለጽግም። ቱኒዝያም የወሊድ መጠኗን ወደ 2 አውርዳ ነበር። የተማረ ወጣት በዝቶ ሥራው ግን ባለመብዛቱ በ2010 መጨረሻ የተነሣው ቁጣ እስከ ግብፅ ደረሰ። ስለዚህ ነጋዴ እንደመሆንዎ ሊጠይቁ የሚገባዎ «ስንት ሰው ተወለደ?» ከሚለው ይልቅ «ዛሬ 20 ዓመት ከሞላው ስንቱ ደመወዝ አለው?» የሚለውን ነው።

ጥ፦ በክፉ ቀን ከሕዝቡ ሢሶው አለቀ ሲባል ሰምተን አድገናል። እውነት ነው? በዓለም ታሪክስ ቦታ አለው? *ጡረተኛ፣ ከፒያሳ*

መ፦ አባታችን፣ ሢሶ የሚለውን ማንም ቆጥሮ አልደረሰበትም፤ በዘመኑ ቆጠራ አልነበረም። ተጓዦችና ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ከተዉት የተወሰደ ግምት ነው፤ ስትጠቅሱት «ይገመታል» ማለት ይገባል። የጥፋቱ መጠን ግን አያጠራጥርም። በ1887 በምጽዋ በኩል ከጣሊያን ጦር ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ የሀገሪቱን ከብት ከሞላ ጎደል ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረ፤ እስከ 1892 ድረስ ረሃቡ ዘለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር አርአያ እንደሆኑ ተጽፏል። የውጫሌ ውል የተፈረመው፣ ጣሊያንም አስመራን ያለ ብዙ ውጊያ የያዘው በ1889፣ ደጋው በተራበበት ሰዓት ነው። የአድዋን ድል ስናነሣ ይህ ሕዝብ ከረሃቡ ከወጣ ገና አራት ዓመቱ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

በሽታው በዚያ አላቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን ከብት ፈጀ፤ በ1896 እና በ1897 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ ለቅኝ ገዢ ጉልበቱን ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አጣ። ባዶ የመሰለውንም ግጦሽ ሰፋሪዎች «ባለቤት የሌለው» ብለው ያዙት። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

ጥ፦ ለፕሮጀክት ሰነድ የኢትዮጵያን ሕዝብ ቁጥር ስፈልግ አንዱ 105 ሚሊዮን፣ ሌላው 123 ሚሊዮን ይለኛል፤ ሁለቱም ስለ 2022 ነው። የትኛውን ልጻፍ? *የግብረ ሠናይ ድርጅት ባልደረባ፣ ከሜክሲኮ*

መ፦ ሁለቱም ቆጠራ አይደሉም፤ ትንበያ ናቸው። የመጨረሻው ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው፤ 73,750,932 ሰው ተመዘገበ። 105 ሚሊዮኑ የእኛው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ ያሰላው ነው። 123 ሚሊዮኑ የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ እነሱ በቆጠራ የሚዘለለውን ሰው ገምተው መነሻውን ከፍ ያደርጋሉ፣ የወሊዱንም አወራረድ በሌላ መንገድ ይገምታሉ። 18 ሚሊዮን ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው።

ለሰነድዎ፦ በወረዳና በክልል ደረጃ የሚሠሩ ከሆነ የሀገር ውስጡን ይያዙ፤ የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር ወደ ወረዳ አይወርድም። ከኬንያ ወይም ከግብፅ ጋር ካነጻጸሩ የተባበሩት መንግሥታትን ለሁሉም ይጠቀሙ። የታተመበትን ዓመት ሁልጊዜ ይጻፉ፣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይከልሱታልና። ከአንዱ የሕዝቡን ቁጥር፣ ከሌላው የሕፃናቱን ቁጥር ወስደው አያካፍሉ። በየሰነዱ የምናየው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ የክትባት ሽፋን ከመቶ 100 በላይ የሚወጣበትም አንዱ ምክንያት ነው።

የዕድገት መጠን ሲያሰሉም ይጠንቀቁ። ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ሕዝቡ ከ53.48 ወደ 73.75 ሚሊዮን ጨመረ፤ ጭማሪው 37.9 ከመቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን ለ12 ያካፍልና 3.2 ከመቶ ይላል። ሁለት ስሕተት አለው። አንደኛ፣ ከጥቅምት 1987 እስከ ግንቦት 1999 ዓ.ም. ያለው 12 ዓመት ከ7 ወር ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ ቆጠራው የተካሄደው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ፣ የጨመረው ሕዝብ ራሱ ስለሚወልድ እንደ ባንክ ወለድ በወለድ ላይ ይታሰባል። የኋለኛውን ቆጠራ ለፊተኛው አካፍለው ውጤቱን በካልኩሌተር ወደ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ቀይረው ለ12.6 ቢያካፍሉ 2.6 ከመቶ ገደማ ያገኛሉ። 70ን ለዚህ ሲያካፍሉ ሕዝቡ በ27 ዓመት ይታጠፋል፤ በተሳሳተው ስሌት ግን በ22። የ1976 ዓ.ም. ቆጠራን ካካተቱ ደግሞ ኤርትራን ይቀንሱ፤ ከእርሷ ጋር 42.6፣ ያለ እርሷ 39.9 ሚሊዮን ነው።

ለምን አልተቆጠርንም? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይላል፤ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ። ቆጠራ የፓርላማ ወንበርና የክልል በጀት የሚታይበት ስለሆነ በየትም ሀገር ያጨቃጭቃል። ናይጄሪያ የ1962 ቆጠራዋን ውጤት ሰርዛ በ1963 ደግማ ቆጥራለች፤ በክልሎቹ መካከል የነበረው አለመተማመን ግን በሁለተኛውም አልበረደም። ሊባኖስ ከ1932 ወዲህ አልቆጠረችም። በዚያ ቆጠራ መነሻ የፓርላማው ወንበር ለክርስቲያኖች 6፣ ለሙስሊሞች 5 ተብሎ ተደለደለ። ሕዝቡ ተለወጠ፣ ድልድሉ አልተለወጠም፤ እኩል ለእኩል የሆነው በ1975 የጀመረውን የእርስ በርስ ጦርነት ለመቋጨት በተደረገው የ1989 የጣኢፍ ስምምነት ነው። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ቆጠራ ሲዘገይ ሕዝቡ ስለ ራሱ የሚያውቀው ያረጃል፤ የ1999 ዓ.ም. ሕፃን ዛሬ መራጭ ሆኗል፣ በይፋዊው ሰነድ ላይ ግን ዛሬም ሕፃን ነው።

ጥ፦ ለተማሪዎቼ የሕዝብ ፒራሚድ ማሳየት እፈልጋለሁ። በሰሌዳ ላይ እንዴት ልሥራው? *የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር፣ ከስድስት ኪሎ*

መ፦ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራን የዕድሜ ሠንጠረዥ ይያዙ። ዕድሜውን በአምስት አምስት ዓመት ይመድቡ፣ የመጨረሻውን 80 እና ከዚያ በላይ አድርገው ክፍት ይተዉት። ወንዶቹን በግራ፣ ሴቶቹን በቀኝ ያድርጉ። የእያንዳንዱን ቡድን ቁጥር ለጠቅላላው ሕዝብ ያካፍሉ። ወንዶቹን ለወንዶች ድምር፣ ሴቶቹን ለሴቶች ድምር ካካፈሉ ማን እንደሚበዛ ይጠፋል። በሰሌዳ ላይ 1 ከመቶን በ5 ሳንቲሜትር ቢስሉት ከኋላ የተቀመጠው ተማሪም ያያል።

ከዚያ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፦ የ30፣ የ40፣ የ50 ዓመት ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ይበዛሉ። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜውን ወደ 0 ወይም 5 ያጠጋጋል። ቆጣሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙት የታወቁ ክስተቶችን ዝርዝር ነው፤ «ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር? በአብዮቱ ጊዜ ትምህርት ጀምረው ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። መዛባቱን በቁጥር ለመለካት ከ23 እስከ 62 ካሉት ውስጥ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ይደምሩ፣ በ5 ያባዙ፣ ለሁሉም ድምር ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙ። 100 ከሆነ ሁሉም ዕድሜውን ያውቃል፤ 500 ከሆነ ሁሉም አጠጋግቷል።

ሁሉም ስርጉድ ግን ስሕተት አይደለም። የሩሲያን ፒራሚድ ቢያሳዩአቸው በ1941 እና በ1945 መካከል በተወለዱት ላይ ጥልቅ ስርጉድ አለ፤ እነዚያ ጥቂት ሕፃናት ወላጅ በሆኑበት ዘመን ሁለተኛ ስርጉድ ይታያል። በጃፓኑ በ1966 አንዲት ዓመት ብቻ ተገምጣለች። በዚያ ዓመት የምትወለድ ሴት ለባሏ አትመችም የሚል የቆየ እምነት ስለነበር ብዙ ወላጆች ሳይወልዱ አሳለፏት፤ ወሊዱ ከቀዳሚው ዓመት በሩብ ቀነሰ።

ከቻሉ የአዲስ አበባን ከሀገሪቱ ጎን በአንድ መስፈሪያ ይሳሉ። የሀገሪቱ ከሥር ሰፊ ነው፤ የአዲስ አበባው ከሥር ጠቦ በ15 እና በ29 መካከል ያብጣል፣ በሴቶቹ በኩል ደግሞ ይበልጥ። በዚያ ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ 52 ከመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ በየቤቱ ለመሥራት ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች ከዚህ ውስጥ አሉ። ተማሪዎቹ እብጠቱ ዛሬ በየትኛው ዕድሜ ላይ እንደደረሰ እንዲያሰሉ ያድርጉ።